የታምራት ወርቅ የማንም ምስክር አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሩጫ ነውና ከዚህ ገጽ ፖለቲካ ብቻ የምትሹ ታገሡኝ፤ ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ከፖለቲካው ደጃፍ መድረሳችን አይቀርም። ዓመቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። የፓሪስ ኦሊምፒክ በእኛ 2016፣ የሪዮው ደግሞ በእነርሱ 2016 ስለዋለ፣ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ከዚህ ክርክር በሰላም አይወጣም።

ኦገስት 10 ቀን 2024፣ ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ጎሬ ነበርሁ። ዘመድ ለመጠየቅ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቼ፣ ዝናቡ አላስኬድ ቢለኝ ከአንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ጎሬን በክረምት ያላየ ሰው ዝናብ አውቃለሁ ቢል አላምነውም። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከማውቃቸውም ከማላውቃቸውም ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠናል። መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መጥቷል።

ክርክሩ ከሩጫው ቀድሞ ነበር የተጀመረው። «ቀነኒሳ 42 ዓመቱ ነው፤ ለክብሩ ሲባል ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር» የሚሉ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ከጎናቸው የተቀመጠው የጭነት መኪና ሹፌር «ስም የማያከብር አገር ሰው አያበቅልም» ባይ ነው። ሦስተኛው የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው፤ እሱ እሽቅድምድም ሲባል የሚታየው የፎርሙላ ዋን መኪና እንጂ የሰው እግር አይደለም። «ጋሼ፣ እኛ እኮ አሁን የምንጨቃጨቀው ፈረንጆቹ ፌራሪ ማንን ያስፈርም ብለው እንደሚጨቃጨቁት ነው» አለኝ። ሳቅን። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ፤ ልጁ ካሰበው በላይ ትክክልም፣ ካሰበው በላይ ስሕተትም ነበርና።

ከዚያ ታምራት ቶላ በዳገቱ ላይ ሌሎቹን ጥሎ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በፊት ገደማ ተጠባባቂ የነበረው ሰው፣ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ በመውጣቱ የገባው ሰው፣ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2:06:26 ጨርሶ ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2008 ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለ። ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ብርጭቆ ተሰበረ፤ ባለቤቲቱም አልተቆጡም።

የሰማሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መምህሩ «አያችሁ? ፌዴሬሽኑ አውቆ ነው ተጠባባቂ አድርጎ ያቆየው!» አሉ። ሹፌሩ በበኩሉ «አያችሁ? ፌዴሬሽኑ ይህን ወርቅ ቤት አስቀርቶት ነበር!» አለ። አንዱ ወርቅ ለከሳሽም ለተከሳሽም ምስክር ሆኖ ቆመ። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ የደወሉልኝ የተማሩ ወዳጆቼም ከሁለቱ የተለየ ነገር አልነገሩኝም፤ አነጋገራቸው ብቻ ረዘም ያለ ነበር።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ የታምራት ወርቅ ስለ ምርጫው ምንም አይናገርም። አንድ ምርጫ የተገባ መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው ሩጫው ከመጀመሩ በፊት፣ በዚያን ጊዜ ይታወቅ በነበረው ነገር ነው። ኢትዮጵያ ያሏትን የማራቶን ሰዎች በሙሉ ስማቸውን ከባርኔጣ ውስጥ ጨምረን ሦስቱን በዕጣ ብናወጣ እንኳ ወርቅ ሊመጣ ይችል ነበር። ወርቁ ስለመጣ ግን ዕጣ ደግ የምርጫ ዘዴ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

እስቲ ዝርዝሩን አብረን እንየው። ለፓሪስ በቋሚነት የተያዙት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። ሲሳይ በዲሴምበር 2023 ቫሌንሺያን በ2:01:48 አሸንፏል፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ ቦስተንን አሸንፏል፤ በእሱ ላይ ቅሬታ ያነሣ ሰው አልሰማሁም። ደሬሳ በፌብሩዋሪ 2024 ሴቪያን በ2:03:27 አሸንፏል። ቀነኒሳ በኤፕሪል 2024 ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። ተጠባባቂው ታምራት የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ በኖቬምበር 2023 ኒውዮርክን የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ በ2:04:58 አሸንፏል።

ከዚህ ዝርዝር ተነሥታችሁ መስፈርቱን አውጡ ብዬ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼን ብፈትን ማንም የሚያልፍ አይመስለኝም። መስፈርቱ ሰዓት ብቻ ነው እንዳንል፣ በዚያችው ቫሌንሺያ ዳዊት ወልዴ በ2:03:48 ገብቶ በ2:04:19 የገባውን ቀነኒሳን ቀድሞታል። የሻምፒዮና ልምድ ነው እንዳንል፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ተጠባባቂ ሆኗል። የመንገዱ ጠባይ ነው እንዳንል፣ የፓሪሱ ማራቶን ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ፣ በድምሩ ከ400 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ዳገታም መንገድ መሆኑ ከብዙ ጊዜ በፊት የታወቀ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው መንገድ ከኒውዮርክ ድልድዮች የተሻለ መፈተኛ የት ይገኛል? ምናልባት እነዚህ ሁሉ በአንድነት ተመዝነው ይሆናል። ይሁን፤ እኔም ባለሥልጣን ብሆን በአንድነት እመዝናቸው ነበር። ግን ለየትኛው ስንት ተሰጠ? ከሩጫው በፊት ይህን የሚያውቅ ሯጭ ነበረን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ቀነኒሳ መካተት አልነበረበትም እያልሁ አይደለም። በ2:12:24 39ኛ ሆኖ መግባቱን እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱ ሰዎች ከመምህሩና ከሹፌሩ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እነርሱም የሚፈርዱት ከውጤቱ ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው። በ42 ዓመቱ፣ ኪፕቾጌ ያቋረጠውን መንገድ ሳያቋርጥ የጨረሰን ሰው ለማጣጣል የሚተርፍ ጉልበት የለኝም።

ደግሞም እኔ ራሴ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በ2016 ለሪዮ ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑና ፈይሳ ሌሊሳ ሲመረጡ፣ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ በ2:06:36 ሦስተኛ የወጣው ቀነኒሳ ከሦስቱ ውጭ ሆነ፤ እርሱም ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ። እኔም ያን ሰሞን ባገኘሁት መድረክ ሁሉ ጮኽሁ። በሴፕቴምበር 2016 ቀነኒሳ በርሊንን በ2:03:03 ሲያሸንፍማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ «አላልኋችሁም?» እያልሁ ስልክ ስደውል ዋልሁ። ያልጠቀስሁት ነገር ቢኖር ፈይሳ ከሪዮ ብር ይዞ መምጣቱን ነው። (እጆቹን አጣምሮ መግባቱን ስለ ሌላ ጉዳይ ስጽፍ ደጋግሜ ጠቅሻለሁ፤ ብሩን ግን ስለ ምርጫ ስከራከር እዘለው ነበር።) የሚስማማኝን ውጤት ምስክር አድርጌ አቆምሁ፤ የማይስማማኝን ወደ ጓሮ አስወጣሁ። እንግዲህ በጎሬው ሻይ ቤት በሰዎቹ ስገረም የተገረምሁት በራሴም ጭምር ነው።

ለቶኪዮው ኦሊምፒክ የሆነው ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በሜይ 2021 ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተካሄደ፤ ቀነኒሳ አልሮጠም፤ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ አለፉ። ኦገስት ላይ ሳፖሮ በተደረገው ማራቶን ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። አገር ሁሉ «ማጣሪያው ነው የገደላቸው» አለ። ሊሆን ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው መሬት ላይ፣ ከዋናው ውድድር ሦስት ወር ብቻ ቀደም ብሎ፣ የርቀቱም መጠን 42 ሳይሆን 35 ሆኖ የሚደረግ ማጣሪያ፣ በሙቀት ለሚደረግ ማራቶን ጥሩ መለኪያ ነው ብዬ አልከራከርም። በአሠራሩ ጎደሎ ነበር። ነገር ግን ሰበታ ላይ አራተኛ የወጣው ሰው ለምን እንደቀረ ያውቃል። እቤቱ ገብቶ ለሚስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይችላል። በ2016ም በ2024ም የቀረው ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ በአደባባይ የተሠራ ጎደሎ ማጣሪያ፣ በዝግ በር ከተሠራ የተሳካ ምርጫ ይሻለኛል።

«ታዲያ እንደ አሜሪካኖቹ እናድርጋ!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አሜሪካኖቹ በፌብሩዋሪ 2024 ኦርላንዶ ላይ ማራቶን አሯሯጡ፤ ቀድመው የገቡት ሦስቱ ፓሪስ ሄዱ፤ አለቀ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በ1992 የዓለም የዲካትሎን ሻምፒዮን የነበረው ዳን ኦብራየን በማጣሪያው የምርኩዝ ዝላይ ላይ አንድ ከፍታ እንኳ መዝለል ሳይችል ቀርቶ ባርሴሎና ላይ ሳይወዳደር ቀረ። አገሩ ደንቧን አላጠፈችለትም። እርሱም በ1996 አትላንታ ላይ ወርቁን ወሰደ። እኛ ይህን ዋጋ እንችለዋለን? እውነቱን ለመናገር አይመስለኝም። የአበበ ቢቂላ አገር ነን፤ በ1964 ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ያሸነፈን ሰው ያየን ሕዝብ፣ «ማጣሪያ ስላልሮጥህ ቅር» የሚል ደንብ ልባችን አይቀበለውም። በ1960ም ቢሆን አበበ ሮም የሄደው ዘግይቶ፣ በዋሚ ቢራቱ ቦታ ተተክቶ እንደሆነ ይተረካል። ታሪካችን በተጠባባቂ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ውጤት ብቻ የሚዘጋ በር አልመክርም። የምመክረው ለዓዋቂ ሰው ግምት ቦታ ያለው፣ ነገር ግን የግምቱ መጠን አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ የልጅ ልጅ ልመለስ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ፌራሪ ሉዊስ ሃሚልተን ለ2025 እንደሚመጣለት አስታወቀ። ቦታውን የለቀቀው ካርሎስ ሳይንዝ ነው፤ በ2023 ሬድ ቡል ያላሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነበር፣ የሲንጋፖሩ፣ ያንንም ያሸነፈው ራሱ ሳይንዝ ነበር። በማርች 2024 እሱም ትርፍ አንጀቱ ታሞ ጅዳ ላይ ሳይነዳ ሲቀር፣ የ18 ዓመቱ ኦሊቨር ቤርማን ድንገት ተቀምጦ 7ኛ ወጣ። ሳይንዝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሥቶ ሜልበርንን አሸነፈ፤ ያም ሆኖ መሰናበቱ አልቀረለትም፤ ወደ ዊሊያምስ ሄደ። ልጁ ይህን ሁሉ እየነገረኝ «ጋሼ፣ እዚያም ያው ነው፤ ፍትሕ የለም» አለኝ።

የለም። ፍትሕ የሚጠየቅበት ቦታ አይደለማ! ፌራሪ በገንዘቡ መኪና ሠርቶ፣ በገንዘቡ ነጂ ቀጥሮ፣ ያልፈለገውን በውሉ መሠረት የሚያሰናብት ድርጅት ነው። ለሳይንዝ ማብራሪያ ቢነፍገው ጨዋነት ጎደለው እንል እንደሆነ እንጂ መብቱን ነጠቀው አንልም። ሳይንዝ ቢያንስ የተጻፈ ውል፣ የሚያልቅበት የታወቀ ቀን፣ ከዚያም ሌላ የሚቀጥረው ቡድን ነበረው። የእኛ ሯጭ ግን ፌዴሬሽኑ ቢተወው ለማን ይሮጣል? ኢትዮጵያ አንዲት ናት፤ ለአንድ አገር የተፈቀደውም በማራቶን ሦስት ሰው ነው፤ ውድድሩም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበትን መለያ የሚያድል ኮሚቴ እንደ ፌራሪ ባለቤት «እኔ ያየሁትን አይቼ ነው» ሊል አይችልም፤ መለያው የእሱ አይደለምና። ከፖለቲካው ደጃፍ ደርሰናል ማለት ነው። በዚህች አገር ከወረዳ ሹመት እስከ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ድረስ የሕዝብ የሆነውን ነገር እንደ ግል ንብረት የሚያድሉ ኮሚቴዎች ምን ያህል እንደሆኑ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ሲጠየቁም መልሳቸው አንድ ነው፦ «ውጤቱን አታዩም እንዴ?»

ዝናቡ ጋብ ሲል ከሻይ ቤቱ አብረን የወጣን መምህሩ በጭቃው ላይ በጥንቃቄ እየረገጡ «ጎሬ ራሷም እኮ ተጠባባቂ ነበረች» አሉኝ። እውነት ነው። በሜይ 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደዚች ኮረብታ ዞረ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጊዜያዊውን አስተዳደር መሩ፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ተብለው ተሾሙ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዲሴምበር፣ ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ይህ ተጠባባቂ አልቀናውም። ይሁንና ራስ እምሩን መምረጥ ስሕተት ነበር የሚል ሰው ኢሉባቦር ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፤ በጊዜው አደራው ለማን፣ በምን ማዕረግ፣ በማን ትእዛዝ እንደተሰጠ የታወቀ ነበር። መምህሩን «ታዲያ ለታምራትስ ለምን በውጤቱ ይፈርዳሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ጥሩ ነበር። ይህ ጥያቄ የመጣልኝ ግን መቱ ከገባሁ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የትምህርት ተቋም፣ ረዳት መምህር ለመቅጠር በተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁ። ስድስት አመልካቾች ቀረቡ። ስማቸውንና የመጡበትን ካየን በኋላ ነበር መስፈርቱን የጻፍነው፤ ለቃለ መጠይቁ ስንት፣ ለውጤቱ ስንት፣ ለ«ተስማሚነቱ» ስንት። ተስማሚነት ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ፈረምሁ። የተመረጠው ልጅ ጎበዝ መምህር ወጣው፤ ስለዚህ ሁላችንም ትክክል ነበርን ብለን ተኛን። ያልተመረጠው አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ ቆሞ «ዶክተር፣ ላስቸግርዎ አይደለም፤ መስፈርቱ ምን እንደነበረ ብቻ ይንገሩኝ፤ ለከርሞ እንድዘጋጅ» አለኝ። አልተቆጣም፤ አላለቀሰም። የነገርሁትን አላስታውሰውም፤ መልስ እንዳልነበረ ግን አስታውሳለሁ። የተቀጠረው ልጅ ጎበዝነት ለዚያ ወጣት ምን ይጠቅመዋል? በፓሪሱ ወርቅ ማግስት ሰዎች «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲባባሉ እኔን የታየኝ ያ የቆመ ልጅ ነበር።

በፓሪሱ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የሚያስከብረውን ሥራ የሠራው ሲሳይ ለማ ይመስለኛል። ጉዳቱን ደብቆ መነሻው መስመር ላይ ቆሞ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ማቋረጥ ይችል ነበር፤ እንዲህ ያደረጉ ብዙዎች ናቸው። እርሱ ግን ቦታውን በጊዜ ለቀቀ፤ አገር ወርቅ አገኘች። ነገር ግን አንድ አገር በሯጮቿ ደግነት ላይ ተመሥርታ ቡድን መላክ የለባትም። የጤና ምርመራው መቼ እንደሚደረግ፣ ተጠባባቂው እስከ ስንት ቀን ድረስ ሊገባ እንደሚችል፣ ውሳኔው የማን እንደሆነ በወረቀት ላይ ቢሰፍር ሲሳይም በዚያ ሸክም ብቻውን ባልተጨነቀ ነበር።

በዲሴምበር 2024 ከደራርቱ ቱሉ ቀጥሎ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው አትሌት ስለሺ ስህን ነው። በአቴንስም በቤጂንግም በ10,000 ሜትር ከቀነኒሳ ቀጥሎ ብር የወሰደ ሰው ነው፤ ቡድን ውስጥ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ሊማር አይችልም። ከእርሱ በፊት ፌዴሬሽኑን የመሩት ኃይሌ ገብረሥላሴና ደራርቱም ከእሱ ያላነሱ ሯጮች ነበሩ። ስለዚህ «ስፖርቱን የሚያውቅ ሰው ይምራው» የሚለው የዘወትር ዘፈናችን መልስ እንዳልሆነ አይተናል። የሚያውቅ ሰውም ያለ ደንብ ሲሠራ የሚያደርገው ያው ግምት ነው።

የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በጁላይ 2028 ይከፈታል። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የማራቶኑ መምረጫ ደንብ ከውድድሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም ይለጠፍ፤ ለሰዓት፣ ለሻምፒዮና ውጤት፣ ለመንገዱ ጠባይ ስንት ስንት እንደሚሰጥ በቁጥር ይጻፍበት፤ አሠልጣኝ ወይም ወኪል የሆነ የኮሚቴ አባል የራሱ ሯጭ ጉዳይ ሲነሣ ከክፍሉ ይውጣ፤ የቀረ ሯጭ ሁሉ ለምን እንደቀረ የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ በእጁ ይሰጠው። በዚህ ደንብ የተመረጡት ሦስቱም ቢያቋርጡ እኔ በዚህ ገጽ ላይ ኮሚቴውን እንደማልከስ ከአሁኑ በጽሑፍ አስቀምጫለሁ፤ ያን ቀን ቃሌን ባጥፍ ይህን ጽሑፍ አውጥታችሁ አሳዩኝ።

ደንቡ የሚለጠፍበት ቀን መቼ ነው?